8 ነው ወይስ ቢ (B)? የድሮ ቮልስዋገን ሞተር ቁጥር ማንበብና ማጽዳት

የመነሻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ቢትል ቮልስዋገን አለኝ። ከኋላ ወንበር ስር ያለው የሻንሲ ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፤ በ117 ይጀምራል። የሞተሩ ቁጥር ግን አልነበብ ብሎኛል። ቦታውን አውቀዋለሁ። ከዲናሞው መቀመጫ ዝቅ ብሎ፣ ክራንክኬዙ (የሞተሩ ዋና ቀፎ) ላይ ነው። ነገር ግን ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት ቅርፊት ሠርቷል። ከቅርፊቱ ስር ደግሞ አንድ ሰው ድሮ የቀባው የብር ቀለም አለ። ጫፉን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው የመጀመሪያው ምልክት 8 መሰለኝ። የቀረው አይታይም። ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ ላጸዳው አስቤአለሁ። ከዚያ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው። ይህን የሞከረ አለ? ቁጥሩ በ8 የሚጀምር ከሆነስ ምን ማለት ነው?

ይህን ከጻፍኩ ወዲህ ሃያ ስድስት ምላሽ ተከማችቷል፣ አንዱ የራሴ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር የተባለውን በራሴ አነጋገር አስቀምጠዋለሁ። ያልተስማማሁበትንም እናገራለሁ።

1ኛ ምላሽ። አስር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መጣ። ጸሐፊው ግራይንደሩን ጨርሼ እንድተወው ለመነኝ። የቢትል ክራንክኬዝ እንደ ብዙ ሞተሮች ብሎክ ብረት አይደለም፣ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ለስላሳ ነው። የሽቦ ብሩሹ ቅርፊቱን ጨርሶ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ በእጅ አይታወቅም። ምቱ (ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር) ደግሞ ጥልቀት የለውም፣ ሁለት ሴኮንድ ይበቃዋል። ይህ ሰው ባይደርስልኝ ኖሮ በማግስቱ ቁጥሩን አጥፍቼው ነበር። ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

2ኛ ምላሽ። የመጀመሪያውን ደግፎ ሌላ አደጋ ጨመረበት። የማግኒዥየም ብናኝ ቶሎ ይቀጣጠላል። ግራይንደር ብናኙንም ብልጭታውንም አንድ ላይ ያመጣል። የቤንዚን ፓምፑም እዚያው አጠገብ ነው። ማግኒዥየም ከተቀጣጠለ ውሃ አይደፋበትም። ውሃው ከጋለው ማግኒዥየም ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ያወጣና እሳቱን ያባብሰዋል። የሚሻለው ደረቅ አሸዋ ነው። ባትሪውን ሳልፈታ፣ ሞተሩም ሳይበርድ ምንም ነገር እንዳልነካ አሳሰበኝ።

3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ። ሦስተኛው በትሕትና አልተስማማም። በሽቦ ብሩሽ ሲያጸዳ ብዙ ዘመን እንደኖረና አንድም ቁጥር እንዳልጠፋበት ጻፈ። አራተኛው የየትኛው መኪና ሞተር እንደነበር ጠየቀው። ሦስተኛው ተመልሶ ሁሉም የብረት ብሎክ ያላቸው እንደሆኑ በቅንነት አመነ። አምስተኛው ልዩነቱን በቁጥር አስረዳ። አንድ ሊትር የሚያህል ማግኒዥየም 1.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አሉሚኒየም 2.7፣ የሞተር ብረት ደግሞ ከ7 በላይ። ፋብሪካው ማግኒዥየምን የመረጠው ከኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር እንዳይከብድ ነው። የዛሬ መተኪያ ክራንክኬዞች ውስጥ የአሉሚኒየምም አሉ። ስለዚህ ሰው ከማጽዳቱ በፊት እጁ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ይወቅ። ማግኒዥየም ደብዘዝ ብሎ ግራጫ ይሆናል፣ አሉሚኒየም ነጣ ይላል።

6ኛ ምላሽ። ለእኔ የውይይቱ እምብርት ይሄ ነው። የጻፉት ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። እርሳቸው ስለ ማጽዳት ከማውራታቸው በፊት ስለ ማንበብ አወሩ። ሰው ቁጥር አልታይ ሲለው ወዲያው ወደ መፋቅ ይሮጣል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የብርሃን ነው። መብራት ፊት ለፊት ሲበራ ጉድጓዱም ሜዳውም እኩል ይበራሉ፣ ስለዚህ ምንም አይለይም። ጋራዡን ማጨለም፣ የእጅ ባትሪውን ከጎን አስተኝቶ ከብረቱ ፊት ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ማድረግ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ምት ጥላ ይይዛል። ከዚያ መብራቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ማዞር። አንድ ምልክት ከግራ ሲበራ 3 ይመስልና ከቀኝ ሲበራ 8 ይሆናል። ከአራቱም አቅጣጫ የታየውን ወረቀት ላይ ለየብቻ መጻፍና በመጨረሻ ማነጻጸር እንጂ በመጀመሪያው ግምት መጽናት አይገባም። ደግሞም በየደረጃው ፎቶ እንዳነሳ መከሩኝ። ነገ አንድ መርማሪ ቁጥሩ አካባቢ የተፋቀ ነገር ቢያይ፣ ከመነካቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት ይቻላል።

እዚያው ላይ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣም ነገሩኝ። በቢትል የዘይት መጨመሪያው አፍ የተገጠመው ዲናሞው መቀመጫ ጎን ላይ ነው። ዘይት ሲጨመር የሚፈሰው ጠብታ የሚወርደው ወደ ቁጥሩ ነው። በላዩ አቧራ ይይዛል፣ ከዚያ የሞተሩ ሙቀት ይጋግረዋል። ይህን ሳነብ ስንት ጊዜ በእጄ እንዳፈሰስኩበት ታወሰኝ።

7ኛና 8ኛ። ሰባተኛው ጠመኔ አመጣ። ከጸዳ በኋላ ነጭ ጠመኔ ማሸት፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ጨርቅ ላዩን ብቻ መጥረግ። ጠመኔው ምቱ ውስጥ ይቀራል። ስምንተኛዋ የወረቀትና የእርሳስ ዘዴ ይሻላታል። ስስ ወረቀት አስደግፎ የእርሳሱን ጎን ቀስ አድርጎ ማሸት። ወረቀቱ ሰነድ ሆኖ ይቀመጣል። እጅና ዓይን በማይደርስበት ቦታ ስልክ አስገብቶ ቪዲዮ መቅረጽ እንደሚቀልም አከለች። መስተዋት የሚጠቀም ሰው ምልክቶቹ ተገልብጠው እንደሚታዩ አይርሳ። ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። እኔ ዘንድ እርሳሱ አሸነፈ።

9ኛ፣ 10ኛና 11ኛ። እዚህ ላይ ድምፅ ከፍ አለ። ዘጠነኛው ቅርፊቱ ላይ አቼቶ የተነከረ ጥጥ እንዳሳድር መከረ። ዝገት በአቼቶ አስለቅቆ ያውቃል። አሥረኛው ተቆጣ። ሳያውቅ የሚመክር ሰው የሌላውን ንብረት እንደሚያጠፋ በኃይለ ቃል ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ላይ ትክክል ነበር፦ አሲድ ማግኒዥየምን ይበላዋል፣ አቼቶም አሲድ ነው። ያ ዘዴ ለዛገ ብረት የሚሆን ነው። አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም። ዘጠነኛው በቅን ልብ ነው የመከረው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልጻፈም። ይቅርታ ይገባዋል እላለሁ።

አሥራ አንደኛው መሃል ገብቶ አበረደ። የትኛው ብረት ምን እንደሚፈራም ለየ። ማግኒዥየም አሲድ ይፈራል። አሉሚኒየም ኮስቲክ ሶዳ ይፈራል፣ እየፈላ ይሟሟበታል። የብረት ብሎክ የሚፈራው ጸድቶ ዘይት ሳይነካው መቆየትን ነው፣ ወዲያው ይዝጋል። ነጭ ጋዝ ግን ሦስቱንም አይጎዳም። ጨርቅ ነክሮ ቅርፊቱ ላይ ማሳደር፣ ጠዋት በተቀረጸ እንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሳት፣ ከዚያ የጥርስ ብሩሽ። ለቀለሙ ጄል የሆነ ማስለቀቂያ በትንሹ። ማስለቀቂያው ውስጥ አሲድ አለመኖሩን መለያው ላይ ማየት፣ ጓንት ማጥለቅ፣ በር መክፈት። ብርጭቆ ወረቀት በምንም ምክንያት አይነካውም።

12ኛ ምላሽ። ስለ ጽዳት ስናወራ 8 የተባለው ነገር ተረስቶ ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ ወደ ጥያቄዬ መለሰችን። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1965 በፊት ለቢትል ሞተሮች ቁጥር ብቻ ነበር የሚመታው፣ ሰባት አሃዝ። ከዚያ ወዲህ ከፊት ፊደል መጣ፣ ቀጥሎ ሰባት አሃዝ። የእኔ ሻንሲ በ117 ስለሚጀምር 11 የመኪናው ዓይነት ነው፣ 7 ደግሞ የ1967 ሞዴል ማለት ነው። የሞዴሉ ዓመት የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ስለሆነ መኪናው የተሠራው ከነሐሴ 1966 እስከ ሐምሌ 1967 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የራሱ ከሆነ የመጀመሪያው ምልክት ፊደል መሆን አለበት። በ8 ከጀመረ ከመኪናው የቆየ የ1200 (ሲሲ፣ የሞተሩ መጠን) ሞተር ነው። ፊደሉ ቢ ከሆነ ደግሞ ከመኪናው በኋላ የመጣ 1600 ነው። 8ንና ቢን ለመለየት በቅርጹ ላይ አፍጥጦ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ምልክቶቹን መቁጠር ነው። ሰባት ከሆኑ 8 ነው፣ ስምንት ከሆኑ ቢ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። አንድም ፊደል ሳይነበብ መልስ የሚገኝበት መንገድ ነው።

13ኛ ምላሽ። ሆኖም አሥራ ሦስተኛው በአክብሮት አረማት። በፋብሪካ ታድሰው የተመለሱ ሞተሮች መጨረሻ ላይ ኤክስ ይመታባቸው ነበር። በ8 የሚጀምር ሰባት አሃዝና አንድ ኤክስ ከሆነ ስምንት ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በፊት የመጨረሻው ይታይ። አሥራ ሁለተኛዋም እርማቱን ተቀበለች። እንዲህ ያለ መተራረም ነው እኔን እዚህ የሚያቆየኝ።

14ኛ ምላሽ። ፊደሎቹን ዘረዘረ። ዲ 1200 ነው፣ 34 የፈረስ ጉልበት። ኤፍ 1300፣ 40። ኤች 1500፣ 44። ቢ 1600፣ 47። በኋላ ሁለት ፊደል ያላቸው መጡ። ኤዲ ባለ 50 የፈረስ ጉልበቱ 1600 ነው። ለ1967 ሞዴል ዲ፣ ኤፍ ወይም ኤች ቢገኝ ይጠበቃል፣ መኪናው እንደተሸጠበት አገር ይለያያል። ዲን ከ0 መለየት አስቸጋሪ ቢመስልም ከፊት ያለው ዲ ነው፣ ቀጥሎ ያለው 0።

15ኛ ምላሽ። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የክራንክኬዙ ቁጥር የሚናገረው ክራንክኬዙ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበር ብቻ ነው። ዛሬ ውስጡ ያለውን አይናገርም። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ከክራንክኬዙ ተለይተው የሚወጡ ናቸው። የ1500ው ሲሊንደር ስፋት 83 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ1600ው 85.5። የፒስተኑ ጉዞ በሁለቱም 69 ነው። አንድ ሰው ሲሊንደርና ፒስተን ቢቀይር ኤች የተመታበት ሞተር ውስጡ 1600 ይሆናል፣ ቁጥሩ ግን ኤች እንደሆነ ይቀራል። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አውርዶ ይለካ። ቁጥርን የሙሉ ሞተሩ መታወቂያ አድርገው ለሚሸጡና ለሚገዙ ይህ በደንብ ሊነገራቸው ይገባል።

16ኛ ምላሽ። እዚህ ጋ ከቢትል ወጣን። ጸሐፊው የሼቭሮሌ ቪ8 ሰው ነው። ትንሹ ብሎክ በሚባለው የቪ8 ዓይነት ላይ ምቱ ያለው በቀኝ በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ የፋብሪካው ፊደል፣ ከዚያ ወርና ቀን፣ ከዚያ ሞተሩ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ የሚናገሩ ፊደሎች ይመጣሉ። ነገር ግን እርሱ ከቁጥሩ በፊት የሚያየው የሜዳውን ፊት ነው። ፋብሪካው ፊቱን ሲቆርጥ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ብሎኩ በኋላ በማሽን ከተላገ መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ቁጥሩ ያማረ ሆኖ መስመሮቹ ከሌሉ ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ ከሄዱ ቁጥሩ በኋላ የተመታ እንደሆነ ይጠረጥራል። ርዕሱ የእኔ ባይሆንም ትምህርቱ የእኔም ነው። በብርጭቆ ወረቀት ያጸዳ ሰው አሃዞቹ ቢተርፉለት እንኳ በዙሪያቸው ያለውን ማስረጃ አጥፍቷል።

17ኛና 18ኛ። አሥራ ሰባተኛዋ የባለ ስድስት ሲሊንደሩ ጃጓር ኢ-ታይፕ ቁጥር ሁለት ቦታ እንደሚገኝ ጠቆመች፦ ብሎኩ ላይ ከዘይት ማጣሪያው በላይ፣ እንዲሁም ቴስታታው ፊት ላይ። ሁለቱ ካልገጠሙ ቴስታታው ተቀይሯል። አሥራ ስምንተኛው ጎኑ ላይ ወጣ ብሎ የሚታይ ቁጥር አግኝቶ የሞተሩ ቁጥር መስሎት ነበር። ወጣ ያለው አብሮ የተቀለጠ የቅርጽ ቁጥር ነው፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ብሎኮች አንድ ነው። የአንዱ ሞተር የራሱ ቁጥር ወደ ውስጥ የተመታው ነው። በፎርድ ላይ ሲ5ኤኢ ብሎ የሚጀምር ነገር ያየ ሰውም የክፍሉን ንድፍ ነው ያየው። ሲ 1960ዎቹ ናቸው፣ 5 የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው፣ ማለትም 1965።

ከ19ኛ እስከ 22ኛ። አሥራ ዘጠነኛው ብሎኩ በማሽን ሲላግ ቁጥሩ እንደጠፋበት ነገረን። የቀድሞውን ቁጥር መልሶ ቢያስመታ ምን ችግር አለው ሲል ጠየቀ። ሃያኛው ሳያቅማማ አጭበርባሪ አለው። ሃያ አንደኛው ተከላከለለት፦ ቁጥሩ የዚያው ሞተር የራሱ ቁጥር ከሆነ፣ የተላገበት ደረሰኝና የቀድሞው ፎቶ ካለ፣ ለሚገዛውም በግልጽ ከተነገረ የሚዋሽ ሰው የለም። ሃያኛው አልበረደም። ሁለት ምላሽ ሙሉ የቃላት ልውውጥ ሆነ፣ አልደግመውም።

የኔን አስተያየት ልናገር። መኪናውን ኦሪጅናል ለማስመሰል የሌላ ሞተር ላይ ቁጥር መምታት ማጭበርበር ነው። ሰው ይጎዳል፣ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል። አሥራ ዘጠነኛው የጠየቀው ግን ሌላ ነው። እርሱ ማድረግ ያለበት መጀመሪያ መኪናውን ወደሚመዘግበው አካል ሄዶ መጠየቅ ነው። ፈቃድ ሳይኖረው ፖንሳ (ቁጥር መምቻ) ባያነሳ ጥሩ ነው። ክርክሩን የዘጋው ሃያ ሁለተኛው ነው። ቁጥር ሲመታ ከሚታየው ጉድጓድ ስር ያለው ብረትም ይጨመቃል። ላዩ ተፍቆ ሌላ ቢመታበት እንኳ የተጨመቀው ከስር ይቆያል። የወንጀል መርማሪዎች ፊቱን አለስልሰው በአሲድ ሲቀቡት የቀድሞው ቁጥር ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ከዚህ በኋላ ማንም አልተሳደበም።

23ኛና 24ኛ። ሃያ ሦስተኛዋ በውይይቱ ውስጥ ሙሉ ቁጥራቸውን በፎቶ የለጠፉ ሰዎች የመጨረሻዎቹን አሃዞች እንዲሸፍኑ ጠየቀች። ቁጥሩን ወስዶ ሌላ ሞተር ላይ የሚመታ አይጠፋም። ልክ ናት። እኔም የለጠፍኩትን ቀይሬዋለሁ። ሃያ አራተኛው ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የእኔ ቁጥር ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ።

25ኛ፣ የራሴ ምላሽ። ሦስት ሌሊት ወሰደብኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ብቻ አሳደርኩ። ጠዋት ቅርፊቱ በእንጨት ተነሳ። ሁለተኛውን ቀን እንደገና ደገምኩት፣ የብር ቀለሙን ደግሞ በጄል አነሳሁ። ቀለሙ ምቱን እንደሞላው ያኔ አየሁ። ከጉድጓዶቹ ያወጣሁት በጥርስ እንጨት ነው፣ አንድ በአንድ። ሦስተኛው ሌሊት መብራት አጥፍቼ ባትሪውን ከጎን አስተኛሁ።

ምልክቶቹን ቆጠርኳቸው። ስምንት ናቸው። ልቤ መታ፣ ግን አሥራ ሦስተኛው ያለውን አስቤ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ኤክስ አይደለም፣ ከአራቱም አቅጣጫ 7 ነው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ብርሃኑ ከግራ ሲመጣ የጀርባው መስመር ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች ታየ። 8 ቀጥ ያለ ጀርባ የለውም። ቢ ነው። ቀጥሎ 0።

26ኛ ምላሽ። አሥራ ሁለተኛዋ ናት የጻፈችው። ከቢ ቀጥሎ 6 ቢሆን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የ1970 ቢትል ሞተር ይሆን ነበር። ከቢ ቀጥሎ 0 ከሆነ ግን የትራንስፖርተሩ ነው፣ ከነሐሴ 1967 ጀምሮ የተሠራው ኮምቢ። ስለዚህ መኪናዬ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በአንድ ወቅት የኮምቢ ሞተር ተገጥሞለታል።

ኤች አገኛለሁ ብዬ ነበር፣ አልደብቅም፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን ሞተሩ ደህና ይሠራል። አሁን ጋርኒሲዮንና ፒስተን ስገዛ የትኛውን እንደምጠይቅ አውቃለሁ፣ ምንም እንኳ አሥራ አምስተኛው እንዳለው ሳልለካ አልገዛም። ቁጥሩ ላይ ስስ ሰም ቀባሁበት። የእርሳሱን ወረቀት ከመኪናው ደብተር ጋር አስቀመጥኩት። ዘይት ስጨምርም ከአፉ ስር ጨርቅ አነጥፋለሁ።